ሐሙስ የሌለባት ከተማ

በሕይወቴ መጀመሪያ ክው ብዬ የቀረሁት አንድ በረኛ «ማክሰኞ» ሲል ነው።

በረኛው እውነተኛ ሰው አልነበረም። አጎቴ የሚሠራበት ድርጅት በሚያዘጋጀው የኮምፒውተር ጌም ውስጥ የአንዲት ከተማ በር ጠባቂ ነበር። ከተማዋ ሁለት ጨረቃ አላት። ከበላይዋ ባለው ተራራ ላይ ዘንዶ ተኝቷል፤ ሲያንኮራፋ የቤቶቹ ጣራ ይንቀጠቀጣል። ፈረሶቿ ስድስት እግር አላቸው፣ ዳቦ ጋጋሪዋ ምድጃዋን የምታቀጣጥለው በዓይኗ ነው። ይህን ሁሉ ያለ አንድ ጥያቄ ተቀብዬ ነበር። ሁለተኛ ክፍል ላለ ልጅ ስድስት እግር ያለው ፈረስ ምንም አይከብደውም። በረኛው ግን ጦሩን አጋድሞ መንገዴን ዘጋና ከራሱ በላይ እንዲህ የሚል ጽሑፍ ወጣ፤ «ዛሬ ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ እንግዳ አይገባም።»

እጄን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳሁ። ማክሰኞ የኛ ነው። ማክሰኞ እማዬ የስፌት መኪናዋን ዘይት የምትቀባበት፣ እኛ ደግሞ ትምህርት ቤት ስፖርት የምንሠራበት ቀን ነው። እነዚህ ሰዎች ከየት አመጡት? በየቀኑ አንድ ገጽ የሚገነጠለው የቀን መቁጠሪያ ከበሩ አጠገብ ተሰቅሏል፤ ዞሬ አየሁት። ማክሰኞ ይላል። ሁለተኛ ክው አልኩ።

አጎቴን ጠየቅኩት። እሱ አፉ ላይ ብዕር ነክሶ ይጽፍ ነበርና ሳያየኝ፣ ሳምንት ግድግዳ አይከለክለውም፣ በኛም በነሱም በኩል እኩል ያልፋል አለኝ። ለቀልድ ያለውን ነገር ከአስተማሪዬ ከሰማሁት ሁሉ በላይ አመንኩት።

አሁን ላይ ሆኜ ሳየው ነገሩ ቀላል ነው። አጎቴ የእማዬ ታናሽ ወንድም ሲሆን፣ ሥራው ለጌሙ ሰዎች ንግግር መጻፍ ነበር። በረኛው እንግዳን ምን ብሎ እንደሚመልስ፣ ዘንዶው ሰው ከመብላቱ በፊት ምን እንደሚያወራ፣ ሁሉንም አፍ የሚያስከፍታቸው እሱ ነው። ቢሮው ከቀለም መሸጫ ሱቅ በላይ ያለ አንድ ክፍል ብቻ ስለነበር ሠራተኞቹ በተራ ከቤታቸው ይሠራሉ፤ እሱም ግማሹን ሳምንት እኛ ጋ ይውላል። ስለ ቀናቱ ስም ቢሮው ውስጥ ትልቅ ክርክር ነበር። አለቃቸው ሁለት ጨረቃ ባለበት አገር ሰኞ ምን ይሠራል ይላል። ሥዕሉን የምትሥለው ሴት ስድስት እግር ያለው ፈረስ የተቀበለ ሰው ሰኞ አያንቀውም ትላለች። አጎቴ ደግሞ ሰው ቀኑን ካላወቀ ቀጠሮ አይፈራም ባይ ነበር። እስኪስማሙ ድረስ የኛን ቀናት ለጊዜው አስገብተዋቸው ነበር፤ ጌሙም ቀኑን የሚወስደው ከኮምፒውተሩ ሰዓት ነው። ከግድግዳው ጋር የገጠመው ለዚህ ነው።

ይህን ማን ነግሮኝ። እኔ የማውቀው በረኛው በማክሰኞ ሲከለክለኝ እኛ ቤትም ማክሰኞ መሆኑን ነው። ስለዚህ ሳምንት አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ጫፉ እነሱ ጋ፣ አንዱ እኛ ጋ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ጌሙን የምጫወትባት የቤታችን ክፍል የስፌት ክፍል ነበረች። እማዬ ልብስ ሰፊ ናት፤ ለሆቴል አስተናጋጆችና ለነርሶች የደንብ ልብስ ትሰፋለች። በአንድ በኩል የሷ መኪና፣ በሌላ በኩል የአጎቴ ኮምፒውተር፣ መሃሉ ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ። የኔ ድርሻ ጌሙን መሞከር ነበር። ስህተት ሳገኝ ጮክ ብዬ እናገራለሁ፤ አጎቴም «እሺ አለቃ» ብሎ ያርማል። የእውነተኛ አለቃው ስልክ ሲመጣ የሚያሳየውን ፊት ስላየሁ፣ ከሁለታችን የሚከበረው ማን እንደሆነ አውቅ ነበር።

አባታችን የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበር ከቤት ወንበር ይልቅ የመኪናውን ወንበር ነው የሚያውቀው። ከኔ በላይ ያለችው እህቴ ነበረች። ስሟ ሌላ ቢሆንም፣ ገና ስትወለድ ጀምሮ መቃ የምታክል ስለሆነች ቤቱም ጎረቤቱም ቀጮ ነው የሚላት። እኔን እማዬ ዱባዬ ትለኛለች፤ ምክንያቱን መናገር አያስፈልግም። አንድ አልጋ ላይ ራስጌና ግርጌ ሆነን ነው የምንተኛው። ጨለማ ስፈራ ቀጮ በእግር ጣቷ ጎኔን ነካ ታደርገኛለች፤ አለሁ ማለቷ ነው። ያቺ ጣት ሳትነካኝ እንቅልፍ ወስዶኝ አያውቅም።

ሌላ አገር የምትኖር አክስት ነበረችኝ፤ የእማዬ ታናሽ። እሁድ እሁድ ትደውላለች። ስልኩ መጀመሪያ የሚሰጠው ለኔ ነው፣ ቶሎ የማይወሰደውም ከኔ ነው። ምን በላሽ፣ ማን ጋ ተጫወትሽ፣ የወለቀው ጥርስሽ በቀለ ወይ፣ ሳቂልኝ እስቲ ትለኛለች። በስልክ እንዴት ይሳቃል? ቀጮን ግን ደህና ነሽ ብላ ብቻ ትለቃታለች። ቀጮ ዕድለኛ ናት እል ነበር።

እማዬና አጎቴ ልጅ እንዲሰማው የማይፈልጉትን ነገር ሲያወሩ፣ እማዬ መኪናዋን ታስነሳለች። ድምፁ ወሬውን ይውጠዋል። ግን ስፌት ጫፍ አለው። ጫፍ ላይ ሲደርስ መኪናው ይቆማል፣ ጨርቁ ይዞራል፣ ያኔ አንድ ሁለት ቃል ያመልጣቸዋል። እኔ ዓይኔን ከዘንዶው ሳልነቅል ያመለጡትን እለቅማለሁ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ የለቀምኩት እንዲህ ነበር። አክስቴ ሐሙስ ትደርሳለች። ከዚያ ረጅም ስፌት ሆነ። ልጅቷን ይዛ ትሄዳለች። እንደገና ስፌት። ትለምዳለች፣ ልጅ ምን አለበት አለች እማዬ። መኪናው ሊነሳ ሲል አጎቴ፣ እስከ መቼ ነው የምትደብቂያት አላት።

ዘንዶው በላኝ፤ ቁብም አልሰጠኝ። ከሁለታችን አንዳችን ልትወሰድ ነው። አንደኛዋን ደብቀዋታል።

የትኛዋ እንደሆነች ለማወቅ ብዙ መድከም አላስፈለገኝም። እማዬ ያን ሰሞን የሆቴሉን ልብስ ወደ ጎን ትታ ቀሚስ በላይ በላዩ ትሰፋ ነበር። አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ኪሱ ላይ ጥልፍ ያለው፣ አንዱ ለብርድ የሚሆን ወፍራም። የምትለካው በቀጮ ነው። ቀጮን በርጩማ ላይ ታቆማትና ስፒል በከንፈሯ ይዛ ትዞራታለች። ቀጮ እጇን ዘርግታ ስትቆም እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል፤ እማዬ አላየችም መሰለኝ፣ ዝም ብላ ስፒሉን ትሰካለች። አንዱን እንኳ በኔ ለክታው አታውቅም። ቀንቼ ነበር፤ ወሬውን ከሰማሁ በኋላ ግን ቅናቴ ወደ ፍርሃት ተገለበጠ። አዲስ ልብስ የሚሰፋው ለሚሄድ ሰው ነው።

ደግሞ ቀጮ ዕቃዋን መስጠት ጀመረች። ማንም እንዲነካባት የማትፈልገውን ባለ ሁለት ፎቅ የእርሳስ መያዣ ሰጠችኝ። የፀጉር ማስያዣዋን ሰጠችኝ። ራሷ እንኳ ያልጠገበችውን ሰማያዊ ብይ ሰጠችኝ። ለምን ስላት ዝም በይና ያዢ አለችኝ። የሚሄድ ሰው ነው ንብረቱን የሚያከፋፍለው፤ ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ ግን አወቅኩት። ሁሉንም አልጋው ሥር ደብቄ አስቀመጥኩላት። ስትቀር እመልስላታለሁ ብዬ።

ምክንያቱም እንዳትሄድ ወስኛለሁ። እንዴት እንደማስቀራት ነበር ያላወቅኩት።

መንገዱን ያሳየኝ የአጎቴ አለቃ ነው። ክርክሩ አልቆ ለቀናቱ አዲስ ስም ተመረጠና፣ አጎቴ የጌሙን ሰዎች ንግግር በሙሉ እንዲያስተካክል ታዘዘ። አጎቴ ብልጥ ነኝ ባይ ነው። አንድ በአንድ ከምፈልግ ብሎ ኮምፒውተሩን፣ ሰኞ የሚለውን ሁሉ አንሥተህ «የብረት ቀን» አድርግ አለው። አንድ ቁልፍ ተጫነ። ሰኞ ከዚያች ከተማ ጠፋ። ዓይኔ እያየ ነው የጠፋው።

ወዲያው ልሞክረው ገባሁና ወደ በረኛው ሄድኩ። በረኛው ጦሩን አጋደመ፤ «ዛሬ ማክየብረት ቀን ነው። ማክየብረት ቀን እንግዳ አይገባም።»

አጎቴ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ እስኪንፈራፈር ሳቀ። ማክሰኞ ሆዱ ውስጥ ሰኞን ይዞ እንደሚዞር ያን ቀን ነው የገባው። ቢሮው ውስጥ አንድም ሰው አላሰበውም ነበር፤ የተማሩ ሰዎች ናቸው፣ ግን ጌሙን በየት አገር ቋንቋ እንደጻፉት ረስተው ነበር። እማዬም ሳቀች፤ በዚያ ሳምንት ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። እኔ ግን አልሳቅኩም። አጎቴ ቀን የሚያጠፋ ሰው መሆኑን አውቄ ደርቄ ቀርቻለሁ።

ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። ከዚያ እጅጌውን ሳብ አደረግኩት።

«ሐሙስን አጥፋልኝ።»

ለምን ብሎ ሳቅ ባልለቀቀው ፊቱ ጠየቀኝ።

«ቀጮ እንዳትሄድ።»

የስፌት መኪናው ቆመ። አጎቴ ከኔ አሻግሮ እማዬን አያት፣ እማዬ ግን ፊቷን አላዞረችም። ጀርባዋ ብቻ ነው የሚታየኝ። ሳቁ ከአጎቴ ፊት ላይ ሲሄድ አየሁት፤ በቦታው የመጣውን ግን ያኔ መተርጎም አልቻልኩም። ምሥጢሩን ስላወቅኩበት ደነገጠ ብዬ ኮራሁ። እማዬ መርገጫውን እንደገና ረገጠች። መርፌው ሥር ጨርቅ አልነበረም። ባዶውን ይወጋ ነበር።

እኔ ምንም እንደማላውቅ፣ ያወቅኩትም ተገልብጦ እንደሆነ ያቺን ሰዓት ነው የተረዱት። አጎቴ ሊነግረኝ አፉን ከፍቶ ነበር፤ አይቻለሁ። ነገር ግን እማዬ ቃል አስገብታዋለች፤ የምነግራት እኔ ነኝ፣ ቀኑን ጠብቄ ብላዋለች። ስለዚህ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

እኔም እንዳይሸውደኝ አስጠነቀቅኩት። ስሙን ብቻ እንዳይቀይር፤ ሰኞ የብረት ቀን ቢባልም እዚያው እንዳለ አይቻለሁ። ሐሙስ ግን ከነሥሩ እንዲነቀል ነው የምፈልገው። ረቡዕ መሽቶ ሲነጋ አርብ መሆን አለበት። እሺ አለቃ አለ። ብዙ ጻፈ፣ ብዙ ደመሰሰ። ሲጨርስ የከተማዋ አደባባይ ላይ ያለውን የቀን ሰሌዳ አሳየኝ። ስድስት ቀን ብቻ ነበር። በጣቴ እየነካሁ ቆጠርኩት፤ ሐሙስ የለም። አጎቴ ተነስቶ ወጣና ረጅም ሰዓት ሳይመለስ ቀረ።

ያ ጌም ከዚያ በኋላ ወጥቶ ብዙ ሰው ተጫውቶታል። እስከ መጨረሻው ሳምንቱ ስድስት ቀን ነው። ተጫዋቾች የሁለቱን ጨረቃዎች ዑደት የተከተለ የረቀቀ ፈጠራ ነው እያሉ ረጃጅም ትንታኔ ጽፈውበታል። አጎቴ አንድም ቀን አላረማቸውም። ከአለቃው ጋር ግን ተጣልቶበታል፤ ሰባተኛውን ቀን መልስ ሲባል አልመልስም ብሎ።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ለቀጮ ሹክ አልኳት። ነገሩን እንደማውቅ፣ አክስቴ ሐሙስ ልትመጣ እንደነበረ፣ አሁን ግን ሐሙስ ስለሌለ እንደማትመጣ ነገርኳት። ቀጮ መንገዱ መሃል ቆመች። ማን ነገረሽ አለችኝ፣ ማንም አልነገረኝም ራሴ ነው የደረስኩበት አልኳት። ከዚያ፣ የምትሄደው ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ ወይ አለችኝ። አትፍሪ፣ አንቺ የትም አትሄጂም አልኳት።

ቀጮ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እጇን አውርዳ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፤ አጎቴ እውነት አጥፍቶታል ወይ? አዎ አልኳት፣ ከነሥሩ። ትልቅ ልጅ ነች፣ ከኔ በላይ ታውቃለች፤ ግን ያን ጊዜ ልታምነኝ ስትፈልግ አየሁ።

ሲነጋ ሁሉም እንዳልኩት ሆነ። የቀን መቁጠሪያው አርብ ይላል። እማዬ ዛሬ ትምህርት ቤት አትሄዱም አለች። አጎቴ ቢሮ አልሄደም። አባታችን ደውሎ ጎማ ስለፈነዳበት መድረስ እንደማይችል ተናገረ። ሐሙስ ባይጠፋ ኖሮ ይህ ሁሉ እንዴት ይሆናል? በደስታ ክፍሉ ውስጥ ዘለልኩ። ጫማዬን ሳላስር እየሮጥኩ የውጭውን በር ከፍቼ መንገዱን አየሁ፤ ሰዎች እንደ ወትሮው ይሄዳሉ። አንድ ቀን መዝለላቸውን አላወቁም ብዬ አዘንኩላቸው።

የሐሙስን ገጽ ማለዳ ተነስታ የገነጠለችው ቀጮ ነበረች። አባታችንም ጎማው አልፈነዳም፤ መኪናውን ከከተማው መግቢያ አቁሞ መሪው ላይ ተደፍቶ ነው የዋለው። ይህን የነገረኝ ካረጀ በኋላ ነው።

የመኪና ጥሩምባ ሲሰማ ቁርሳችንን አልጨረስንም ነበር። እማዬ ብርጭቆዋን ስታስቀምጥ ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰባት፤ አላበሰችውም። አጎቴ በሩን ከፈተ። ረጅም ካፖርት የለበሰች ሴት ገባች። በፎቶ የማውቃት አክስቴ ነች። እማዬን አቅፋ አልለቀቀቻትም፤ ሁለቱ ሴቶች እዚያው በሩ ላይ እየተወዛወዙ ቆሙ። እንዴት ገባች? በየትኛው ቀን መጣች? ከዚያ ቀጮን ወደ ኋላዬ ገፍቼ ፊት ለፊት ቆምኩ።

«ቀጮ አትሄድም» አልኳት፤ «ዛሬ አርብ ነው።»

አክስቴ ተንበረከከች። ፊቷ ፊቴ ላይ መጣ። ዓይኗ እኔ ላይ ብቻ ነበር፤ ከኋላዬ ያለችውን አንድ ጊዜም አላየቻትም። ቀጥሎ ቀና ብላ እማዬን ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቀቻት፤ «አልነገርሻትም?»

«አቃተኝ» አለች እማዬ።

የፈሰሰው ሻይ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል። እማዬ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለችና እጄን ያዘች። እጇ የስፌት መኪና ዘይት ይሸታል።

«ዱባዬ» አለች፤ «የምትሄጂው አንቺ ነሽ። የወለደችሽ እሷ ናት።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ቤቱ ሁሉ የሚያወራው ስለ እኔ ነበር፣ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ያኔ ግን ተረቱን አላውቀውም፤ የተሰማኝ ወለሉ ከእግሬ ሥር ሲሄድ ነው። ከዚያም መከራከር ጀመርኩ፤ አሁን ሳስታውሰው የሚያመኝ መከራከሬ ነው። ስህተት ፈልጎ የማግኘት ልማድ ነበረኝና ስህተት አገኘሁባቸው። ቀሚሶቹ በቀጮ ልክ ናቸው፤ ለኔ ይረዝሙኛል፤ ስለዚህ ሂያጇ ቀጮ ናት አልኩ።

እማዬ ከመደርደሪያው ላይ ሻንጣ አወረደችና ከፈተችው። ቢጫው ላይኛው ላይ ነበር። ይሄ ለሚቀጥለው ዓመት ነው አለችኝ። ጥልፍ ያለበትን አነሳች፤ ይሄ ከዚያ በኋላ። ወፍራሙን አነሳች፤ ይሄን ስትለብሺ የቀጮን ያህል ትደርሻለሽ፣ ወገቡ ጋ ትርፍ ጨርቅ ትቼበታለሁ፣ አንቺ ዱባዬ ነሽና ይጠብሻል። ልክሽን እዚያ ማን ይወስድልኛል ብዬ ነው አለች። አክስቴ ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የተነገረኝ ሁሉ ቆይቶ በየተራ ነው የመጣው። አክስቴ በልጅነቷ እንደወለደችኝ፣ ገና ስድህ ለእህቷ ሰጥታኝ ሥራ ፍለጋ እንደሄደች፣ ቶሎ እመለሳለሁ ብላ እንደነበርና ቶሎው እንደራቀባት። ሁለቱም አልዋሹም፤ ተስማምተው ነበር። ግን አንዷ እየጠበቀች ሌላዋ እየለመደች ስትሄድ ስምምነቱ ምን እንደሚሆን ማንም አላሰበበትም።

አልቅሼ ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር። አላለቀስኩም። ደንዝዤ የሚያለብሱኝን ለበስኩ፣ የሚያጎርሱኝን ጎረስኩ። አጎቴ ሻንጣውን ተሸክሞ ሲወጣ አላየኝም። እማዬ ቀጮን ተሰናበቻት ልትለኝ ስትዞር ቀጮ የለችም። ክፍላችን ውስጥ የለችም፣ ጓሮ የለችም። ስሟን እየጠራን ወደ ውጭ ወጣን።

አክስቴ የመጣችበት ታክሲ ውስጥ አገኘናት። ከሻንጣው ውስጥ ወፍራሙን ቀሚስ አውጥታ ለብሳዋለች፤ በልኳ የተሰፋ ስለሆነ ልክክ ብሎባታል። ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ የፊተኛውን ወንበር ጀርባ በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች።

«እኔ ልሂድ» አለች፤ «እኔ ሥራ አግዛለሁ። እሷ ጨለማ ትፈራለች።»

ትልልቆቹ ሦስቱም ክው ብለው ቀሩ። ያን ሳምንት ሙሉ በርጩማው ላይ ቆማ ያለቀሰችው ለኔ ነበር። የሰጠችኝ ንብረት የሚሄድ ሰው ንብረት ሳይሆን ስንቅ ነበር። እኔ እሷን ለማስቀረት ሐሙስን አጥፍቻለሁ፣ እሷ ደግሞ በቦታዬ ልትሄድ ተነስታለች፤ ሁለታችንም ግን አልቻልንበትም። ይህን የማስበው አሁን ነው። ያኔ በመስኮቱ እያየኋት፣ እባክሽ ነይ ውጪ ማለት ይሁን እባክሽ ሂጂልኝ ማለት ሳላውቅ ቆምኩ።

አጎቴ ሊያወጣት ሞከረና ተወው። አክስቴ ምርር ብላ ማልቀስ ጀመረች። ቀጮን ያወጣቻት እማዬ ናት። መኪናው ውስጥ ገብታ አጠገቧ ተቀመጠችና ምንም ሳትናገር ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው፤ የተሳሳተ ስፌት እንደምትፈታው ቀስ ብላ፣ ጨርቁ እንዳይቀደድ። ከዚያ ታቅፋ ይዛት ወጣች። ቀጮ እግሮቿ ተንጠልጥለው ነበር፤ እንዲያ ረጅም መሆኗን ከዚያ በፊት አላስተዋልኩም።

ቀጮን አጎቴ ተቀበላት። እማዬ እኔን ወደ ወንበሩ አስገባችኝና ቀበቶውን አሰረችልኝ። አንገትጌዬን አቃናች። ፊቷ ቅርብ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ለደንበኛ የምታወራበት ያ የተስተካከለ ድምፅ ሆነ።

«ከዛሬ ጀምሮ እማዬ የምትያት እሷን ነው» አለችኝ፤ «እኔ አክስትሽ ነኝ። ገባሽ?»

ራሴን ነቀነቅኩ። አልገባኝም ነበር። ሰው ከንጋት እስከ ረፋድ እናት መሆኑን ትቶ አክስት እንዴት እንደሚሆን እስካሁንም አልገባኝም።

በሩ ተዘጋ። የወለደችኝ ሴት ከፊት ከሹፌሩ ጎን ገባች፣ ያሳደገችኝ መንገዱ ላይ ቆመች። ሞተሩ ሲነሳ መስኮቱን ይዤ ጠራሁ።

«እማዬ።»

ሁለቱም ዞሩ። ቀድማ አንገቷን የደፋችው ያሳደገችኝ ናት።